«ተቀበል» ያለችኝ ቅዳሜ

በ2010 ዓ.ም. የስልሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ማሲንቆ ከአባቴ ወርሼ አርባ ዓመት በሰው ሠርግና ክርስትና ስዘፍን ኖርኩና፣ ሠርገኛው ሁሉ ኦርጋን መቅጠር ሲጀምር ሥራ ፈታሁ። ያን ጊዜ ነው አራዳ ገበያ ያለ አንድ ብርድ ልብስ ነጋዴ «ና፣ ሱቄ በር ላይ ቆመህ ማስታወቂያ ሥራልኝ» ያለኝ።

የሚባለውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩ እንጂ አንባቢ አይደለሁም፤ አንዱን መስመር እስክጨርስ ገዥው ከከተማ ወጥቶ አዘዞ ይደርሳል። «ወረቀትህን ያዝ፤ የምትሸጠውን በአፍህ ንገረኝ» አልኩት። ነገረኝ። ድምፅ ማጉያውን አፌ ሥር አስሬ ማሲንቆዬን ገዘገዝኩ፤

ይሄ የዳባት ውርጭ አጥንት ድረስ ገባ፣
ኑ ግዙ ብርድ ልብሱን ሳይነጋ ሳይጠባ።

ሸጋ ሰነበትኩ። ሰው ቆሞ ይሰማል፣ የሰማው ይገባል፣ የገባው ይገዛል።

ወር ሳይሞላኝ ፊት ለፊታችን ሌላ ብርድ ልብስ ቤት ተከፈተ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ከበሮ አንግታ ቆመች። የደምቢያ ሴት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳን ያለፈች፣ ጥርሰ ፍንጭት። አፏን ስትከፍት እኔ ሳላውቀው ማሲንቆዬን አቁሜ ኖሯል።

«ምነው አያ፣ ጭራው ተበጠሰብዎት?» አለችኝ በድምፅ ማጉያዋ። ገበያው ሳቀ።

«ከበሮሽ ውስጥ ድመት ገብታ እንደሁ ብዬ ነው የማዳምጥ» አልኳት።

«ድመትማ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው የምትገባ። የእርስዎን ግን ሞክራው ወጣች፤ በረዳት።»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ እኔ አንድ ግጥም ስጥል እሷ ሁለት ትመልሳለች። ሚስቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ዘመድ አግባ ሲለኝ እምቢ ስል ቆይቻለሁ። ይቺን ግን ፈለግኋት። ምን እደብቃለሁ፣ ፈለግኋት። ነገር ግን በገበያ መሀል የምትሰድበኝን ሴት ቀድሜ አልለምንም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሷም እንደነቃችብኝ ነገረ ሥራዋ ያስታውቃል፤ አንድ ማክሰኞ እንዲህ ስትል ዋለች፤

እዚያ ማዶ ያለው ብርድ ልብስ የሚሸጥ፣
ለራሱ በርዶታል ሌሊት ሲንቀጠቀጥ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እውነቷን ስለሆነ የማሲንቆዬን ጭራ እንደማጠብቅ ሆኜ አቀረቀርኩ።

ጉዱ የመጣው ቅዳሜ ነው። የአዝማሪ ሥራ ደንብ አለው። ጠላ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጥሃል፤ አንተ ያንኑ ቃል ሳትለውጥ በዜማ ትደግማለህ። ቢሰድብህም ትደግማለህ። አፌ አርባ ዓመት የለመደው ይሄንን ነው።

የዚያን ቀን የወገራ ገበሬ እህሉን ሸጦ ብርድ ልብስ ሊገዛ ወርዷል። በእኔ በኩል ሰዉ መንገዱን እስኪዘጋ ሞልቷል፤ በእሷ በኩል ዝንብ የለም። አየችኝ፣ እጇን ወደ ላይ አነሳችና «ተቀበል!» አለች፤

የኔማ ብርድ ልብስ ብርድ አይመልስም፣
ከሷ ያልገዛ ሰው ሙቀት አይቀምስም።

ልቤ ሳይደርስ አፌ ደረሰ። አንድ ቃል ሳልገድፍ፣ እንዲያውም መጨረሻዋን አስረዝሜና አሳምሬ ደገምኩት፤ በራሴ ድምፅ ማጉያ፣ በቀጣሪዬ በር ላይ። ሰዉ እየሳቀ መንገዱን ተሻገረ። አንዱ ገበሬ «ሻጩ ራሱ ተናግሮ ሌላ ምን ምስክር ይፈለጋል!» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ነጋዴዬ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወጣ። «ለእሷ ነው የቀጠርኩህ?»

«ተቀበል አለችኛ!»

«ገደል ግባ ብትልህስ?»

«በዜማ ከሆነማ…» ብዬ ሳልጨርስ አባረረኝ።

ማሲንቆዬን በብብቴ ይዤ ስሄድ ከነከበሮዋ ሮጣ ደረሰችብኝ። ስቃ የምትመጣ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል።

«አያ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ለሳቅ ነው። እኔ ዘንድ ይምጡና አብረን እንቁም፤ ለባለ ሱቁ እነግርልዎታለሁ።»

«ከሴት ከበሮ ኋላ አልቆምም።»

«እንግዲያ ይቅርብዎት። እኔም ከሰኞ ወዲያ የለሁ፤ ኮላ ድባ ወንድሜ ቤት እገባለሁ። ከማዶ የሚመልስልኝ ከሌለ ለግድግዳ አልዘፍንም።» ዞር አለች።

ማሲንቆዬን ብገዘግዝ ቃሉ በመጣልኝ፤ ያን ሰዓት ግን በዜማ ብናገር ቀልድ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ማሲንቆዬን መሬት አስቀመጥኩ።

«አትሂጂ» አልኳት።

«ምነው?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ልብስ ይግዙ።»

«ብርድ ልብስ መቼ አጣሁ! ሚስት ሁኚኝ ነው የምልሽ። ሰው እያየን ነው፣ ቶሎ በይ።»

አሁን እሷ «ቶሎ በይ አላልከኝም» ትለኛለች። ብያለሁ።

ከበሮዋን ከትከሻዋ አወረደች። «አንተ» አለችኝ። እስከዚያ ሰዓት እርስዎ እንጂ አንተ ብላኝ አታውቅም። «አንተ፣ እኔስ እሺ። ወንድሜ ግን መሪጌታ ነው። እዚህ ሱቅ ጠባቂ ነኝ ነው ያልኩት፤ ከበሮ የያዝኩትን አያውቅም። አዝማሪ እህትህን ስጠኝ ሲለው ምን እንደሚል እንጃ። ሽማግሌ ላክ፤ ደህና የሚከበር ሰው።»

እስከ ዛሬ ለሰው ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩ እኔ፣ ለራሴ የምልከው አጣሁ። ካፖርት የሚለብስ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ።

«አባረርኩህ እኮ!» አለኝ ነጋዴው።

«ለሥራ አይደለም። ሽማግሌ ሁነኝ።»

ለማን እንደሆነ ስነግረው በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። «ሱቄን ባዶ ያስቀረችውን?»

«ያቺኑ። መሪጌታው ከፈቀደ ሁለታችንም አንተ በር ላይ እንቆማለን።» እሷን ሳልጠይቅ ነው ይሄን ያልኩት፤ በኋላ ብዙ ተቆጥታበታለች።

አገጩን እያከከ አሰበ፣ አሰበና «ለመሆኑ መሪጌታው ብርድ ልብስ አለው?» አለኝ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ጺሜን ተላጭቼ፣ ያጠብኩትን ጋቢ ለብሼ መናኸሪያ ወረድኩ። ነጋዴው ካፖርቱን ለብሶ ሁለት አዲስ ብርድ ልብስ በብብቱ ይዞ ቆሟል። «ጠያቂው አብሮ አይሄድም፣ ነውር ነው» ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ማኪናው ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ አልኩና ነጋዴውን ቀድሜ የኮላ ድባው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።