ወዳጃው ወደ መንገድ የወጣ ጊዜ

በደርግ ዘመን ኮምቦልቻ የተከራየነው ቤት ከደሴ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። መንገዱ እኛ ሰፈር ሲደርስ ቁልቁለቱን ገና አልጨረሰም። ነዳጅ በራሽን ስለነበር የጭነት መኪና ሾፌሮች ማርሽ አውጥተው በመኪናው ክብደት ብቻ ይለቁታል። ለጥቂት ነዳጅ ብለው በሰው ነፍስ የሚጫወቱ ናቸው እል ነበር፤ ዛሬም እላለሁ። ቤቶቻችን ከመንገዱ ወዲህ፣ የውሃው ቦኖ ከመንገዱ ወዲያ ነው።

ባለቤቴ አራስ ነበረች። እኔ ጎህ ሲቀድ ወደ መጋዘን ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ቦኖው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሃ የምትቀዳው ገና ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ሆነች። «ግራና ቀኝ ሳታዪ እንዳትሻገሪ» እያልሁ በየማታው አስጠናት ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ያለ አስተማሪ፣ ብቻዬን ታግዬ ነው። ሰው አንድ ነገር በደንብ ካጠና ይበቃዋል ብዬ አምን ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና የጎረቤታችንን አህያ ቦኖው አጠገብ ገጭቶ ሳይቆም አለፈ። ልጄ ከአህያው ኋላ ነበረች። ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች። ጥናቴ መኪና እንደማያቆም ያን ቀን ገባኝ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ዘንድ ሄጄ መንገዱ ላይ ጉብታ ይሠራልን አልሁ።

«ጓድ፣ ይህ እኮ ጦር የሚያልፍበት መንገድ ነው» አለኝ። «ጉብታ ሠርቼ ፀረ አብዮት ልባል? ከፈለግህ ጽሑፍ ስቀል።»

ሰቀልሁ። በሰፊ ጣውላ ላይ በቀይ ቀለም «ልጆች ይሻገራሉ፤ ቀስ በል» ብዬ ጻፍሁ። ከሳምንት በኋላ ሻይ ቤት ያገኘሁት አንድ ሾፌር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እጅ ጽሑፍህስ ያምራል። ግን በዚያ ፍጥነት ማን አንብቦ ይጨርሰዋል?» አለኝ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከጎናችን አንዲት ሙስሊም አሮጊት ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ እኩዮቻቸው እቤታቸው ተሰብስበው ወዳጃ ያደርጋሉ፤ ዱዓ ያደርሳሉ፣ ይመርቃሉ። የአህያው ነገር ከሆነ ወዲህ ግን ቁርበታቸውን አውጥተው ጠዋት ጠዋት ቦኖው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ሊቀመጡ መሆናቸውን አሮጊቷ ነገሩኝ።

«እማማ፣ አላህ ትራፊክ ፖሊስ አይደለም» አልኋቸው።

«ወላሂ፣ ትራፊክ ፖሊስ ቢኖርማ እኔ በብርዱ ምን አወጣኝ?» አሉ። «ያንተ ጣውላ እንደሆነ ማንንም አሚን አያሰኝም።»

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ደጄ ላይ ቆምሁ። አሮጊቶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ቦኖው ተከፈተ፤ ልጆቹ መሻገር ጀመሩ፤ ልጄም ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባች። ከላይ እህል የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ብቅ አለ። ድምፅ የለውም፤ ማርሽ አውጥቷል። «መኪና!» ብዬ ጮህሁ።

አሮጊቶቹ መዳፋቸውን ዘረጉ። ያን ጊዜ ሞተሩ ሲያጓራ ሰማሁ፤ ማርሽ ገባ። መኪናው እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። የወሎ ሰው የተዘረጋ መዳፍ አይቶ አሚን ሳይል አያልፍም፤ ካለፈም መንገዱ እንደማይቀናው ያውቃል። ሾፌሩ አንገቱ ላይ መስቀል አስሯል፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ ዘረጋ።

«እማማ፣ ይመርቁኝ!»

«ጎማህን ያጥናልህ!»

«አሚን!»

«ከክፉ ዓይን ይሰውርህ!»

«አሚን! በቃኝ እማማ፣ ልሂድ፤ ጭነት አለብኝ።»

አሮጊቷ በጎን ወደ መንገዱ አዩ። ልጄ ገና መሃል ላይ ነበረች። «ቆይ እንጂ፣ ምርቃት ይቋረጣል እንዴ? ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልህ! ለሚስትህ... አግብተሃል?»

«አላገባሁም!»

«እንግዲያ ደህናዋን ይስጥህ!»

ረዳቱ ከላይ ከጭነቱ ላይ ሆኖ ከሁሉም አስበልጦ «አሚን!» አለ። ልጄ ወዲያ ማዶ ደረሰች። ምርቃቱም ያኔ አለቀ።

ሊቀ መንበሩ ወሬ ደርሶት መጣ። «ያለ ፈቃድ ስብሰባ...» ብሎ ሲጀምር መዳፎቹ ሁሉ ወደ እርሱ ዞሩ። ግራና ቀኝ አየ፤ ቆቡን አወለቀና በቀስታ አሚን አለ። በቀጣዩ የዘመቻ ሥራ ቀን፣ «መኪናው እንደሆነ እዚህ መቆሙ አልቀረም» ብሎ የአፈርና የድንጋይ ጉብታ አሠራን። አፈሩን ከአሮጊቶቹ ልጆች ጋር ተሸከምሁ።

መንገድ በሕግ መገዛት አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ምርቃት የሚያስቆመው የሚያፍረውን ብቻ ነው። ነገር ግን ሕጉ እስኪመጣ ልጄን ያሻገራት እፍረት መሆኑን ልክድ አልችልም።

ጉብታው ከተሠራ በኋላ አንድ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስደረድር ከመንገዱ በኩል ረጅም ጥሩንባ ተሰማ። ከዚያ በፊት ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ልጄን አስቤ እቆም ነበር፤ ያን ቀን እጄ አልቆመም። ጆንያውን አስተካክዬ ሌላውን አነሣሁ። የሥራ ጓደኛዬ፣ «ዛሬ ምን አግኝተህ ነው የምታንጎራጉረው?» ሲለኝ ነው ማንጎራጎሬን ያወቅሁት።