ሙሉ የሣለችው ምድጃ

የእህቴ ልጅ ሳምራዊት በቀደም ከሥልጠና ተመልሳ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና፣ «ጋሼ፣ ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባል ነገር ተማርን» አለችኝ። የአጠቃቀም መመሪያ ከማሳተም በፊት የሚጠቀምበትን ሰው መጠየቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ ካልገባው ማረም ነው አሉ። ወደፊት መመሪያው ራሱ ሰውን እየሰማ ይስተካከላል ብላም ነገረችኝ። የዘዴውን ታሪክ ከውጭ አገር ጀምራ ተረከችልኝ። እኔ ይህን የተማርኩት ከሙሉ ነበር፤ ሙሉን ግን ማንም አላስተማራትም።

በወጣትነታችን እኔና ሙሉ አዲሱ ገበያ አጠገብ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ምድጃ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነበርን። እኔ መመሪያውን እጽፋለሁ፣ እሷ ሥዕሉን ትሥላለች። ምሳችንን ከአንድ ሰሃን እንበላለን። ማታ ታክሲው ሞልቶ ሲያልፈን ደስ ይለኝ ነበር፤ በባሕር ዛፉ ሽታ ውስጥ እስከ ሰፈሯ በእግር እንሄዳለንና። ለመስከረም ሽማግሌ ልልክ ወስኜ ነበር።

መመሪያው ላይ አንዲት ሴት በሚነድ ምድጃ ላይ ጋዝ ስትጨምር ተሥላ፣ በላይዋ ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል። አታድርጉ ማለታችን ነው። ሙሉ ግን ልቧ አላረፈም፤ ረቂቁን ለእናቷ አሳየች። እናቷ ፊደል አልቆጠሩም።

«ጥሩ ነው» አሉ አገላብጠው አይተው። «ጋዝ ስትጨምሪ አማትቢ ነው የሚለው።»

«እማዬ፣ መስቀል እኮ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? እሳት ስትነኪ በስመ አብ በይ ብዬ አይደል ያሳደግኩሽ?»

በማግሥቱ ስትነግረኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ቁጭ ብላ ሌላ ሣለች፦ የጠፋ ምድጃ፣ መቀዝቀዙን በመዳፏ የምትፈትሽ ሴት፣ ጋዙ ከዚያ በኋላ። ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ግርማ ወሰደችው።

«ሙሉዬ፣ ታትሞ አልቋል» አሏት። «ክረምቱ ገባ፣ እንጨቱ ራሰ፣ ሰው ምድጃ እየጠበቀ ነው። ያልገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የሚለቀም ነገር ሲሆን ነው።

ምድጃው ተሸጠ። ሙሉም ሥዕሏን ይዛ በሰፈሯ ቤት ለቤት ትዞር ጀመር። በሐምሌ አንድ ዝናባማ ጠዋት የአንዲት ጎረቤቷን በር አንኳኩታ ስትገባ፣ ሴትዮዋ አማትበው በሚነደው ምድጃ ላይ ጋዝ እየጨመሩ ነው። ጣሳውን ከእጃቸው ነጠቀች፤ እሳቱ ጣሳውን ተከትሎ እሷን ያዛት። ሴትዮዋ ተረፉ። ሙሉ ሆስፒታል ገብታ አልወጣችም።

ለቅሶው ላይ አንድ ዘመዷ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «የሥራ ባልደረባ» አልኩት። ሽማግሌ አልላክሁማ፣ ሌላ ምን እላለሁ? እጮኛዋ ቢሆን ኖሮ ሰው ደግፎ ያስለቅሰው ነበር። እኔ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ንፍሮ ተሰጠኝ።

ትናንት ሳምራዊት ለመሥሪያ ቤቷ ያዘጋጀችውን አዲስ የስልክ አጠቃቀም መመሪያ ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች አሳይታ እየሳቀች ተመለሰች።

«ጋሼ፣ አንድም ሰው አልገባውም። ሁሉንም እንደ አዲስ ልሠራው ነው።»

«አለቃሽ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ቀይሪው አለኛ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ለካ እንዲህ ቀላል ነው። ያኔ አንድ ሰው «ቀይሪው» ብሏት ቢሆን፣ ሙሉ ዛሬ አጠገቤ አርጅታ ነበር።