በአንገቱ ላይ የነበሩት ሁለት ክሮች

በ1959 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከደብረ ብርሃን በታች ባለው ወንዝ ዳር አንድ ጠላቂ ዋናተኛ በአንገቱ ያንጠለጠለውን መጠባበቂያ መተንፈሻ እንዲያወልቅ ታዝዞ እምቢ አለ።

የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በከተማው ሌላ ታሪክ ሲወራ ሰምቻለሁ። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎችም «ተሳስተሃል» ብለውኛል። አልተሳሳትኩም። እዚያው ቆሜ ነበር፤ የተባለውንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ለሥራ ግን አልነበረም የሄድኩት። ፈቃድ ወስጄ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ሐሙስ ዕለት የእህቴ ጎረቤት፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራው፣ ወንዝ ወርዶ ሱፍ ሲያጥብ ድንጋዩ አዳለጠውና የአገሩ ሰው «ባሕሩ» ከሚለው ጥልቅ ቦታ ገባ። ዋና የሚችሉ ጎረምሶች እስከ ዓርብ ማታ ሞከሩ። ውሃው ከክረምቱ ጎርፍ ገና አልጠራም፤ ብርዱም ከወገብ በላይ አያስገባም። ሚስቱ ከወንዙ ዳር አልተነሣችም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባሌን አውጡልኝ፣ በደብሩ ልቅበረው።

በዚያው ሳምንት የድልድዩን መሠረት ሊመረምሩ ከምጽዋ የመጡ ሁለት ጠላቂዎች ከነኃላፊያቸው ከተማው ውስጥ ነበሩ። ሥራቸውን ጨርሰው ቅዳሜ ቀትር ላይ ሊመለሱ ዕቃቸውን ጭነዋል። ሽማግሌዎች ሄደው ኃላፊውን ለመኑት፤ እሺ አለ። ይህን ሳልጽፍለት አላልፍም። ማንም አላዘዘውም፣ እምቢ ቢልም የሚጠይቀው አልነበረም።

ከሁለቱ ጠላቂዎች ታላቁ የዚያው አገር ሰው፣ የጎረቤላ ቄስ ልጅ ነው። ባሕር ያየው ካደገ በኋላ ቢሆንም በሥራው ብዙ ዓመት ቆይቷል። በጀርባው ከተሸከመው የአየር ቦንቦላ ሁለት የጎማ ቱቦዎች ይወጣሉ። ባንዱ ጫፍ ያለውን መተንፈሻ በጥርሱ ይነክሳል፤ ሁለተኛው ድንገት ለሚመጣ አደጋ የተያዘ መጠባበቂያ ነው። ይህን ሁለተኛውን የኃላፊው ደንብ በቀኝ ጎን ከቀበቶ ጋር እሰሩት ይላል። የጎረቤላው ሰው ግን ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ክር ቆርጦ አንገቱ ላይ አጥልቆታል፤ መተንፈሻው ልክ ከአገጩ ሥር ይውላል። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «የበቅሎ ቃጭል ነው እንዴ ያሰሩበት?» ብሎ ጥቂት ሰው አሳቀ።

ኃላፊው ወደ ጠላቂው ዞር ብሎ አየውና «ያንን የአንገትህን ክር በጥሰህ ጣል» አለው።

ቃሉ ይኸው ነበር። የልብሱ ኮሌታ ገና አልተቆለፈም፤ ጥቁር ማተቡ ከላስቲኩ በላይ ይታያል። «የአንገትህን ክር በጥስ» ሲባል የእኛ አገር ክርስቲያን ስለ ጎማ አይመስለውም። ዳርቻው በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። ሴቶቹ አማተቡ። እህቴ፣ ብዙ የማትናገረው፣ «የምጽዋ ፀሐይ መትቶት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል!» አለች። ሚስትየዋ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሣች።

«ማተብ አስበጥሼ ሬሳ አላስወጣም» አለች። «ባሌ እዚያው ይቆይ።»

ሁለት ቀን ሙሉ አውጡልኝ ስትል የሰማናት ሴት ናት።

በከተማው የሚወራው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ማተብህን በጥስ ተብሎ እምቢ ያለ ጠላቂ ሆኖ ቀረ። አለቃዬም በዚህ ርእስ ጻፈው ብሎ ነበር። ያልሆነውን አልጽፍም አልኩት፤ ወሬው ሳይወጣ ቀረ፣ አልቆጨኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ኃላፊው ፊቱ ቀልቶ ማተብ አላልኩም፣ ያልኩት ላስቲኩን ነው እያለ ማለ። ጠላቂውም ወደ ሴትዮዋ ሄዶ ሁለቱን ክሮች ለየብቻ በጣቱ አንሥቶ አሳያት።

«እትዬ፣ ማተቤን የነካ የለም። የተጣላነው በዚኛው ነው።»

«እሱ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?»

«ጓደኛዬ ከታች አየር ቢያጣ አፌ ውስጥ ያለውን እሰጠዋለሁ። የደነገጠ ሰው የሚነጥቀው እሱን ነው። እኔ አንገቴን ደፋ አድርጌ ይኼን እነክሳለሁ። ጎኔ ላይ ካሰርኩት ጭቃ ውስጥ ይጎተታል፤ በጨለማ ፈልጌ ባገኘውም ጭቃ ነው የምጎርሰው።»

ምጽዋ ላይ መርከብ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት እንደነበር ጓደኛው በኋላ ነግሮኛል። እሱ ራሱ ግን አላነሣውም። ኃላፊው ደግሞ የራሱ ምክንያት ነበረው። ዳርቻው የአኻያ ዛፍ ነው፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ወርዷል፤ አንገት ላይ ያለ ነገር ከተያዘ ሰው ይታነቃል አለ። ጠላቂው መተንፈሻውን ይዞ ወደ ፊት ሳበው። ከላስቲኩ ቀለበት ሾልኮ ወጣ። መልሶ አስገባው።

«አየሁት» አለ ኃላፊው። «ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ወይ ታወልቃለህ፣ ወይ መኪና ላይ ትወጣለህ።»

«አላወልቅም፣ መኪናውም ላይ አልወጣም። ይክሰሱኝ። በዚህ ጭቃ ያለሱ ወርጄ ይኼን ልጅ አላስገድልም» አለ ወደ ታናሹ ጠላቂ እያመለከተ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ ባልሽ ነው፣ አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማል አላት። ጭካኔ ይሁን ጭንቀት አላውቅም። ያየሁት ሁሉም ሰው እሷን መመልከቱን ነው።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«የእኔ ሰው ሞቷል» አለች። «የሌላ ሰው ልጅ አልጨምርበትም። እንደለመደው ይውረድ። በዚያ የማይሆን ከሆነ ዕቃችሁን ጫኑ፤ እኔ ውሃው እስኪጎድል እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ተመልሳም ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ሕዝቡም ባለበት ቆመ፤ መኪናው የሚወጣበት መንገድ ላይ የቆሙትም አልተንቀሳቀሱም። ቀይ ቀለም የተቀባችው የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩን አስነሥቶ እንደገና አጠፋው።

ኃላፊው ኃላፊነቱ የእኔ አይደለም አለ። ጠላቂው የእኔ ነው አለ። ከዚያ ኮሌታውን ቆለፈና ጓደኛውን አስከትሎ ገባ።

ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ወጡ። በሦስተኛው ገመድ ጠየቁ፤ ሬሳው እግሩ በአኻያ ሥር ተይዞ ነበር። ኃላፊው ስለ ሥሩ የተናገረው ልክ ነበር ማለት ነው፤ ገመዱን ከሳቡት አንዱም እሱ ራሱ ነው። በመጠባበቂያው መተንፈሻ ሕይወት ዳነ የሚሉ አሉ፤ ሁለቱንም ጠላቂዎች ለየብቻ ጠይቄያለሁ፣ በዚያ ቀን አልተጠቀሙበትም። ክሱ ግን ቀርቧል፤ ጠላቂው ለጥቂት ጊዜ ከመጥለቅ ታግዶ የወደብ ጥበቃ ላይ ቆመ።

ሬሳውን በባና ጠቅልለው ወደ ደብሩ ወሰዱት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተቀበረ።