ሊቀመንበሩ አሚን ያሉበት ዱአ

በደርግ ጊዜ የተማርኩበት የአዲስ አበባ ኮሌጅ አንድ ደንብ ነበረው፤ የተማሪ የግል መረጃ ያለ ተማሪው ፈቃድ ለማንም አይሰጥም ይላል። እንስቅበት ነበር። ግቢው ማን ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ ሳይቀር በሚያቀብል ጆሮ ጠቢ ተሞልቶ፣ ደንቡ ለማን ይሆናል?

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከታሰረች በኋላ ግን የተማሪዎች ማኅደር ክፍል የምትሠራ ሴትዮ ኮሪደር ላይ እጄን ይዛ ጥግ አስያዘችኝ። ሁለት ሰዎች መጥተው አገሬንና ቤተሰቤን ጠይቀዋታል።

«ደንብ ነው፣ ከኮሌጁ ዲን ደብዳቤ አምጡ ብዬ መለስኳቸው» አለችኝ። «ደብዳቤውን ማምጣታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ እኔም መስጠቴ አይቀርም። ቤትሽ እንዳትቀመጪ። ያለሽበትንም ለሰው አትንገሪ።»

ከዚያ ወዲያ በዚያ ደንብ አልሳቅኩም። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር እንደማንኛውም ተማሪ ሻንጣዬን ይዤ አገሬ ከሚሴ ገባሁና ነገሩን ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። ወላሂ ከአፌ አይወጣም አለች። በማግስቱ ጨፋ ሮቢት አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ከማሳው ዳር ነው የምትኖረው፤ በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ ስለነበር ከመንገድ ቤቱ አይታይም። ደህና ቦታ አገኘሁ ብዬ ልቤ አረፈ።

ዓርብ ዕለት እናቴ ፊቷ በርቶ መጣች።

«አብሽሪ! ትናንት ወዳጃ ላይ ዱአ አስደርጌልሻለሁ።»

ወዳጃ ማለት እኛ ዘንድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫት ተይዞ፣ እያንዳንዱ ያስጨነቀውን ጮክ ብሎ እየተናገረ የሚያስደርገው የጋራ ዱአ ነው። ችግሩ ካልተነገረ ሰው በምኑ ላይ አሚን ይላል?

«ምን ብለሽ አስደረግሽ?» አልኳት።

«ምን ብዬ? እንዳለው ነዋ! ልጄን መንግሥት ይፈልጋታል፣ ጨፋ ሮቢት እህቴ ዘንድ ናት፣ ያረቢ ሰውራት አልኩ።»

ክው አልኩ። «ሰው ፊት?»

«ወዳጃ እኮ ነው! ደሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ማን ማን ነበረ?»

ጎረቤቶቹን ዘረዘረችልኝ። መጨረሻ ላይ፣ እንደዋዛ፣ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጨመረች። ልጃቸው ግንባር ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ አንድም ወዳጃ አያመልጣቸውም።

ጮህኩባት። እናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ንዴቱ ይመለስብኛል። ማኅደር የያዘችው ባዳ ምስጢሬን ጠብቃ፣ የወለደችኝ በአደባባይ ታውጀው? እሷ ደግሞ ጥፋቷ ጨርሶ አልገባትም። «የምለምንልሽ እኔ፣ የምትቆጪኝ አንቺ!» ብላ እያለቀሰች ተመለሰች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩ በበቆሎው መሐል ሲመጡ አየኋቸው። ብቻቸውን ናቸው፤ ጠመንጃቸውን ትተው ጃንጥላ ይዘዋል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። አክስቴን በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ?» ብለው እንዴት አደርሽ አሏት። ቁጭ ይበሉ ብትል እምቢ አሉ።

«ሰዎቹ ትናንት መጥተው ነበር» አሉኝ። «ዘንድሮ ከአዲስ አበባ አልመጣችም አልኳቸው። አላመኑኝም። ነገ እኔን አይጠይቁም፤ ዘመድ ካለበት ሁሉ ቤት ለቤት ነው የሚፈትሹት። ዛሬውኑ ከዚህ ውጪ።»

ማመን አቃተኝ። «ለምን ዋሹልኝ?» አልኳቸው።

ተቆጡ። «እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? እናትሽ ስትለምን አሚን ብያለሁ። አሚን ባልኩበት አፌ ላስይዝሽ? የእኔ ልጅ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ለሱም አሚን የምትለው እናትሽ ናት።»

አፈርኩ። እያለቀስኩ አመሰገንኳቸው። መሄጃዬን ሳልነግራቸው መለየት ክህደት መስሎ ስለተሰማኝ «እንግዲያውስ እኔ ወደ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን ዘርግተው አቋረጡኝ።

«እንዳትነግሪኝ!»

«እርስዎን አምናለሁ።»

«አትመኚኝ። እኔም ሰው ነኝ፤ ከገረፉኝ እናገራለሁ።»

ይህን ያሉት ሳያፍሩ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው። ጃንጥላቸውን አንስተው በመጡበት ተመለሱ። አክስቴ ቂጣ በጨርቅ ቋጥራ አቀበለችኝና ሳመችኝ። በየት በኩል እንደምወጣ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።