የዱካሞ ምርጥ ቃላት

ዱካሞ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ከከፈተ ስድስት ዓመቱ ነው። ዳቦ፣ ሻማና የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያነባል። መጽሐፉን ያገኘው ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር፣ መንገድ ዳር ከተዘረጋ አሮጌ ዕቃ መሀል ነው። ሽፋኑም መግቢያውም ተገንጥሎ ጠፍቷል። አንዳንዱ ትርጉም አጠገብ «ኦብስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዱካሞ ይህን «ኦብዘርቭ»፣ ልብ በል ብሎ ተረጎመው። ልብ በል ከተባለማ ብሎ እነዚያን ለይቶ ሸመደዳቸው።

የሱቁ የኪራይ ውል ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው ጭንቅ ያዘው። አከራዩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው ወይዘሮ ኖምሳ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ውሉን እንዲያድሱለት ደብዳቤ ሊጽፍላቸው ተነሣ።

«ጎጎ ፕሊስ ብትላቸው አይበቃም?» አለው አብሮት የሚሠራው ሱፊያን።

«እንግሊዝኛ ላስተማሩ ሰው? አታዋርደኝ እንጂ!»

ግማሽ ቀን ጻፈ። «ክብርት ጎጎ፣ እርስዎ ሲሊ ሴት ነዎት። ፊትዎም ኦውፉል ነው።»

በማግስቱ ጎጎ ደብዳቤውን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዙ መጡ። ሁልጊዜ «ማይ ፍሬንድ» የሚሉት ሴትዮ ዛሬ «ሚስተር ዱካሞ!» አሉት።

«ቂል ነኝ? ፊቴስ አስቀያሚ ነው?»

ሱፊያን ከዳቦው መደርደሪያ ኋላ ተሸሸገ። ዱካሞ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ በሱቁ መስኮት የብረት ፍርግርግ በኩል አሳያቸው።

«ይኸው ጎጎ፣ ሲሊ ቡሩክ ማለት ነው! ኦውፉል ደግሞ ግርማ ያለው! ልብ በል ተብሎ ምልክትም ተደርጎበታል!»

ጎጎ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሀዉ! ልጄ፣ ኦብስ እኮ ኦብሶሊት ነው። ትርጉሙ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፣ ማንም እንዲህ ብሎ አይናገርም ማለት ነው። የሞቱትን ብቻ ለቅመህ ነው ያሞገስከኝ?» እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ውሉስ ጎጎ?» አለ ዱካሞ በቀጭን ድምፅ።

«ሁለት ዓመት አድስልሃለሁ። ግን እሁድ የባሌ እህት ልደቷ ነው። ይህንኑ ደብዳቤ በስሟ ገልብጥልኝ።»

«በድሮው ትርጉም ነው ጎጎ፣ በአሁኑ?»

«አንተ ጻፍ፤ እሷ ትምረጥ!»