የፈረምኩበት መሠረት

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ዲላ ከተማ ካለው ቤቴ መጥቶ አንድ የግንባታ ውል አነበበልኝ። ወጣት መሐንዲስ ነው። «‹እንደ ሁኔታው ሊሻሻል ይችላል› የሚል አንቀጽ አለው። ጥሩ ነው፣ ሥራ አያስርም» አለኝ። ጥሩነቱንማ አውቃለሁ። በወጣትነቴ እኔም እንደሱ ብዬ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ፣ ከወናጎ ወደ ይርጋጨፌ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ለሚሠራ ትምህርት ቤት የግንባታ ተቆጣጣሪ ተደረግሁ። ቦታውን የሰጡት አቶ ዱካሌ የሚባሉ የጌዴኦ ሽማግሌ ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ወናጎ ድረስ በጭቃ እየተመላለሱ መማራቸው ቢያስመርራቸው፣ ለምግብ የደረሰ እንሰታቸውን ነቅለው መሬቱን ለቀቁ። እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የተከለ ያውቀዋል።

ውሉ «የመሠረቱ ጥልቀት ተቆጣጣሪው ሲስማማ እንደ አፈሩ ሁኔታ ሊሻሻል ይችላል» ይላል። የታሰበው አፈሩ ከከፋ ጠለቅ ተብሎ እንዲቆፈር ነበር። ተቋራጩ መኩሪያ ግን በተቃራኒው ተረጎመው። በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር፤ አንቱ ማለቱን ግን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ጥር ላይ፣ መሬቱ ደርቆ ዶማ ሲመልስ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«መሐንዲስ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው! ግማሹ ይበቃል። አንተ ከፈረምክ ከመጋቢት በፊት ጣሪያ እናለብሳለን።»

መሐንዲስ አልነበርኩም። እሱም ያውቃል። ማዕረጓ ግን ጣፈጠችኝ።

አቶ ዱካሌ ቆጮ በጎመን አስይዘው ለምሳ መጥተው ነበርና ጉድጓዱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይሄ መሬት አሁን ተኝታለች። ዝናብ ሲመጣ ከሥር ውሃ ታወጣለች። አባቴ እዚህ ቤት አልሠራም። ጨምር፣ ቆፍር።»

ትኩሱን ቆጮ እየበላሁ «እሺ አባባ» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ፈረምኩ።

ጣሪያው እውነትም በጊዜው ደረሰ፤ ልጆቹም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊደል ጀመሩ። ሚያዝያ ላይ ከወለሉ ሥር ውሃ ፈለቀና የመካከለኛው ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም። ትምህርት ቤቱ ግን ተዘጋ፤ ልጆቹም ወደ ወናጎ ጭቃ ተመለሱ።

ስብሰባ ተጠራ። መኩሪያ ውሉን ዘርግቶ «ተቆጣጣሪው ተስማምቷል፤ ፊርማው ይኸው» አለ። አንድም ቃል አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትባል ቃል ሰው ታስበላ ነበር፤ ፈራሁ። «ውሃ እንዳለ ማንም አልነገረኝም» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሰብሳቢው ወደ አቶ ዱካሌ ዞሮ «እርስዎ የቦታው ተወላጅ ነዎት፤ ለምን አልነገሩትም?» አላቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ትንሽ አዩኝ። «ነግሬዋለሁ። ግን እኔ አማርኛ ደህና አላውቅም። ልጁ አልገባው ይሆናል።»

በተግሳጽ ደብዳቤ ተረፍኩ። መኩሪያ ጨለለቅቱ ከተማ ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። አቶ ዱካሌ በተሰነጠቀው ግድግዳ ዙሪያ እንደገና እንሰት ተከሉ፤ ሳይደርስላቸው ሞቱ። ለቅሶ እንኳ አልሄድኩም። በምን ፊቴ?

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። «ምናልባት እውነትም አልገባህ ይሆናል፣ ጋሼ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

«ገብቶኛል» አልኩት። «ጨምር፣ ቆፍር ነው ያሉኝ።»