ከሁሉም ኋላ የምትሄደው

ሰፈሩ የሚያውቃት ልብስ ሰፊዋ ብሎ ነው፤ የእግር ጉዞ ጓደኞቿ ግን ጭራ ይሏታል። ስድብ አይደለም፤ ሹመት ነው። አሥራ ሁለት ሆነው በየሳምንቱ እሑድ ከከተማው ጀርባ ያሉትን ኮረብታዎች ሲወጡ፣ ከሁሉም ኋላ የምትሄደው እሷ ናት። ከደከመው ጋር ታዘግማለች፣ ጫማ ሊያስር ጎንበስ ያለውን ቆማ ታሳልፋለች፣ በየመሻገሪያው ትቆጥራለች።

አንድ የማይፈርስ ደንብም አላቸው። ለሽንትም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ከመንገድ ዞር የሚል ሰው ቦርሳውን መንገዱ ላይ ትቶ ይሄዳል። ጭራዋ ቦርሳውን ካየች ባለቤቱ እስኪመለስ ትቆማለች። ጠፋሁ ያለ ደግሞ ባለበት ይቀመጣል፤ ጭራዋ መጥታ ታነሳዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአገር ቤትም ሆነ በዓመት አንዴ ድንበር ተሻግረው በሚወጡት ተራራ፣ ይህ ደንብ አሳፍሯቸው አያውቅም።

ሱቋ አንድ በር ያላት፣ ከወፍራም መርፌና ከዚፕ ክምር የተረፈ እግር ማስቀመጫ የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። የጓደኞቿን ቦርሳ ሁሉ የምትጠግነው እሷ ናት። የጥርስ ሐኪሟ ሰማያዊ ቦርሳ ሰማያዊ ክር ያለቀ ቀን በነጭ ክር ተሰፍቷል። የሥጋ ሻጩ ጥቁር ቦርሳ ማንገቻው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሰውየው ዕቃ ሲያነሳ ፍየል የሚያነሳ ይመስለዋልና። የታላቅ ወንድሟ አረንጓዴ ቦርሳ ላይ ደግሞ ከአውቶቡስ መጋረጃ የተቆረጠ ቢጫ እራፊ አለ። ሰውን ከሩቅ በፊቱ ሳይሆን በቦርሳው መለየት የጀመረችው መቼ እንደሆነ ራሷም አታውቀውም።

ወንድም ጋሼ፣ እሷ እንደምትጠራው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መጋረጃው ከእሱ አውቶቡስ የወጣ ነው።

«ተቀምጬ አገር አዳረስኩ፤ የቀረኝን ቆሜ ልጨርሰው» ብሎ ነው የተቀላቀላቸው።

ስኳር በሽታ አለበት። መርፌውን ጠዋት ጠዋት ይወጋል፤ ስኳሩ ሲወርድበት ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር አፉ ካልገባ ራሱን ይስታል። ከረሜላው ሁልጊዜ በቦርሳው የላይኛው ኪስ ነው። ዘንድሮ ባሕር ማዶ ለሚወጡት ተራራ ሲዘጋጁ ባለቤቱ እስከ በር ድረስ ወጥታ የልብስ ሰፊዋን እጅ ያዘች።

«ይዘሽው ሂጂ፤ ይዘሽው ተመለሺ። ሌላ ምንም አታምጪልኝ» አለቻት።

በአራተኛው ቀን ከተራራው አናት ወደ ማረፊያው ቤት ሲወርዱ ጉም መጣ። መጣ ሲባል ዝም ብሎ አይደለም፤ የፊተኛው ሰው ተረከዝ እስኪጠፋ ድረስ ነው። ጭራዋ ተቀምጣ ውሃ የቋጠረውን የጥርስ ሐኪሟን እግር በፕላስተር ትጠቀልል ነበር። ከፊት ደግሞ ወንድም ጋሼን ጉልበቱን አመመው። ሥጋ ሻጩ ቦርሳውን ከትከሻው ላይ አወረደለት።

«አምጣው ጋሼ። እኔ ስንት በሬ የተሸከምኩ ሰው ነኝ።»

«በሬዎቹ ግን እንዳንተ አያወሩም ነበር» አለ ወንድም ጋሼ።

ሥጋ ሻጩ የራሱን በጀርባው፣ አረንጓዴውን በደረቱ አንግቦ ወረደ። ወንድም ጋሼ ጥቂት እንደሄደ ለሽንት ከአለት ጀርባ ዞር አለ። ደንቡን አልረሳም፤ ግን መንገዱ ላይ የሚተወው ቦርሳ አልነበረውም። ጭራዋና የጥርስ ሐኪሟ በጉሙ ሳያዩት፣ እሱም ሳያያቸው፣ በአለቱ አጠገብ አለፉ።

ዝቅ ብሎ ካለ የእንጨት ድልድይ አፍ ላይ ሌሎቹ ቆመው ጠበቋቸው፤ ጭራዋ እንደ ልማዷ ወደ ፊት ሮጣ ቀድማ ቆመችና ቆጠረች። በጉሙ ውስጥ ሰማያዊው አለፈ፣ ጥቁሩ አለፈ፣ ቢጫ እራፊ ያለበት አረንጓዴ አለፈ። ከራሷ ጋር አሥራ ሁለት። «ሙሉ» አለች።

ማረፊያው ቤት ሲደርሱ አስር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሥጋ ሻጩ በሩ ላይ ሁለቱን ቦርሳዎች አውልቆ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። እሷም አየችው።

«ወንድም ጋሼስ?»

«ካንቺ ጋር አይደለም እንዴ? ከኋላ ነበር እኮ።»

ከኋላ። ከእሷ ኋላ ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም። የአረንጓዴውን ቦርሳ ኪስ ከፈተች፤ ከረሜላው እንዳለ ነው። ጃኬቱም እዚያው ነው። ሰው ሲጠፋ የሚነፋው ፊሽካም እዚያው ነው።

ከፊት ሲመራቸው የነበረው መንገድ መሪ፣ የአገሩ ሰው፣ በምልክትና በተሰባበረ ቋንቋ ነገራት፦ ሁለት ሰዓት ካልሞላ ጊዜ በኋላ ይጨልማል፣ አዳኞች የሚደርሱት ነገ ነው፣ ማንም አይውጣ። እሷ ሳትመልስለት ቦርሳውን አንግባ ወጣች። መንገድ መሪው ራሱን እየነቀነቀ የእጅ ባትሪ አቀበላቸው፤ ሥጋ ሻጩ እየተደናቀፈ ተከተላት።

ሲወርዱ ቀላል የነበረው ድንጋይ ሁሉ አሁን ግድግዳ ሆነባት። ድልድዩ ላይ ፊሽካዋን ሦስት ጊዜ ነፋች። ጉሙ ድምፁን እንደ ጥጥ ዋጠው። ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች፤ የሚመልስበትን ፊሽካ የተሸከመችው እሷ መሆኗ ትዝ ሲላት መንፋቱን ተወችና በጉሮሮዋ ተጣራች።

«ወንድም ጋሼ! ወንድም ጋሼ!»

ሥጋ ሻጩ ከኋላዋ ያለቅሳል። ያ ግዙፍ ሰው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ምናለ ቦርሳውን ባልቀበለው።»

«እግርህን አንሳ። ለቅሶው አያመልጥህም» አለችው። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ምን ብላ ትነግራታለች ለባለቤቱ? ቦርሳው ይኸውና፣ ሰውየው ቀረ? ቆጥሬ ነበር ትላለች? እየወጣች የመንገዱን ግራና ቀኝ በዓይኗ ታስሳለች። አንድ መታጠፊያ፣ ሌላ መታጠፊያ፤ ምንም የለም። ገደል የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ስትደርስ ወደ ታች ተመለከተች፤ ነጭ ብቻ ነው። ድንጋይ ወረወረች፤ ሲያርፍ አልሰማችም። እዚያው ልትቀመጥ ጎንበስ አለች፤ ከተቀመጠች እንደማትነሳ ስላወቀች ግን ቀጠለች።

ቆይቶ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምነው?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ምን እየፈለግሁ እንደሆነ ታውቃለህ? ቦርሳ። እስካሁን መንገድ ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ነው የምፈልገው። ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መንገዱን ትታ አለት ባየች ቁጥር ዞራ ጀርባውን ማየት ጀመረች። እጇ ተላላጠ፣ ሱሪዋ ከጉልበቷ ተቀደደ። ስንተኛው አለት እንደሆነ አታውቅም፣ አንድ ነጭ ራስ አየች።

ወንድም ጋሼ መንገዱን ወደ ላይ እያየ፣ ጀርባውን ለእነሱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ፊቱ በላብ ርሷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስትጠራው ሰምቷል፤ ግን ድምፁ ከታች ነበር፣ እሱ ደግሞ እሷን የሚጠብቃት ከላይ ነው።

«የት ቆየሽ?» አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። «ሁሉም አለፉ እኮ። ጭራዋ ሳትመጣ አልሄድም ብዬ…»

«መጣሁ።»

«ከታች?» ግንባሩን ቋጠረ። «ጭራ ከታች አይመጣም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ሰው ግን የያዘው እህቱ ያስተማረችውን ደንብ ነበር። ከረሜላውን ልትልጥ ጣቷ እምቢ አላት፤ በጥርሷ ቀደደችው። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ አጎረሰችው። ሥጋ ሻጩ ጃኬቱን ከቦርሳው አውጥቶ አልብሶት ጀርባውን በሰፊ እጁ አሻሸው። የወንድም ጋሼ ዓይን ከቦታ ቦታ ሲዋልል፣ እሷ ከንፈሩን ብቻ ታያለች፤ ያልነቃ እንደሆነ ይዛው የምትመለሰው ነገር የለም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ብሎ አያት። ጠራ ያለ ፊት ነበር።

«ባለቤቴ እንዳትሰማ» አለ።

ቁልቁል ሲወርዱ ሥጋ ሻጩን ከፊት አደረጉ። ወንድም ጋሼ መሐል፣ እሷ ከኋላ ሆና የጃኬቱን አንገት ጨብጣ ነበር፤ አንዴም አልለቀቀችም። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እየጨለመ ነበር። እግሯ በልማድ ቆመ። እጇን ዘርግታ በወንድሟ ራስ ላይ አሳረፈች፤ ጸጉሩ ቀዝቅዞ ርሶ ነበር።

«አንድ» አለች።

«እኔስ?» አለ ሥጋ ሻጩ ከፊት።

«አንተ አትቆጠርም። አንተ ቦርሳ ነህ።»

ሥጋ ሻጩ ሳቀም አለቀሰም፤ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ በጠባቡ ድልድይ ላይ ተመልሶ መጥቶ፣ ያንን ትልቅ ራሱን ከእጇ ሥር አስገባ።

«ሁለት» አለች።